ገመድ ያልያዙት ጅቦች

አንድ ጊዜ አንበሳ ልጁን ሊድር ተነሣና ድንኳን የመትከሉን ሥራ ለአህያ ሰጣት። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲደርስ ድንኳኑ ቆሞ ካልተገኘ ግን ለእንግዶቹ የምትታረደው ራሷ እንደሆነች ነገራት። አህያ እሺ አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

መሃል ላይ ምሰሶ አቁማ ከጫፉ ሁለት ገመድ አሰረች። አንዱን ለፍየልና ለባሏ፣ ሌላውን ለጦጣና ለባሏ ሰጠች። ፍየሎች የጦጣን ፌዝ አይችሉም፤ ጦጣዎችም የፍየልን ሽታ። ስለዚህ ማንም ሳያዛቸው የቻሉትን ያህል ተራራቁ፤ ግራና ቀኝ ትይዩ ሆነው ገመዱን ሲወጥሩት ምሰሶው ቀጥ ብሎ ቆመ። ኩርፊያም አንዳንዴ ይጠቅማል።

ይሄኔ ጅብና ሚስቱ ከተፍ አሉ። የሰርጉ ሥጋ ምሰሶው ሥር ተቀምጦ ነበርና በአንድ በኩል ዘርፈጥ ብለው ቦታውን ሞሉት። ገመድ አልያዙም፤ ወደ ውጭ የሚስባቸውም ነገር የለም። ፍየሎቹም ጦጣዎቹም ከጅብ ሲሸሹ ገመዶቻቸው ወደ ሌላው ወገን ተጠጋጉ፤ ምሰሶውም ወደዚያው ዘመመ። አህያ ፍየሎቹን ተቆጣች፣ ጦጣዎቹን ለመነች። ከጉብታው ማዶም የሙሽራው አጃቢዎች ዘፈን ተሰማ።

ቀበሮ ቆማ ታይ ነበር። «ገመድ የያዙትን ለምን ትቆጫለሽ? ድንኳኑን ያጣመመው ገመድ ያልያዘው ነው» አለቻት።

«ጅብን ከሥጋ ላይ ማን ያስነሣዋል?»

«ሌላ ሥጋ።»

ቀበሮ አንድ ታፋ አንሥታ ከጅቦቹ ጀርባ ራቅ ካለ ዛፍ ላይ ሰቀለች። ከዚያም ሦስተኛ ገመድ ከምሰሶው አስራ ጫፉን ለጅብ አቀበለችው። «አያ ጅቦ፣ ይህን ገመድ እየጎተትህ ከደረስህባት ያቺ ታፋ ያንተ ናት» አለችው።

ጅብና ሚስቱ ወደ ታፋዋ እየተንጠራሩ ጎተቱ። ገመዱን ለቀው መሄድ እንደሚችሉ አልታያቸውም። መሃሉ ሲለቀቅ ፍየሎቹና ጦጣዎቹም እፎይ ብለው ተራራቁ። ሦስቱ ገመዶች እኩል ተዘርግተው ምሰሶው ቀና፤ ድንኳኑም ከበፊቱ ሰፋ።

አንበሳ እንግዶቹን በኩራት ተቀበለ። አህያ ከደስታዋ ብዛት ከሙሽሮቹ በፊት መጨፈር ጀመረች፤ የሚከለክላትም አልነበረም። ሰርጉ ሲበተን ቀበሮ የታፋዋን ሥጋ አስቀድማ ግጣ አጥንቱን ለጅቦቹ ሰጠች፤ እነርሱም አመሰገኗት።

ከዚህ የምንማረው፣ የሞለኪውልን ቅርጽ የሚወስኑት አተምን ከአተም የሚያስተሳስሩት የኤሌክትሮን ጥንዶች ብቻ ሳይሆኑ ምንም ሳይዙ መሃል ተቀምጠው የሚገፉትም እንደሆኑ ሁሉ፣ ድንኳን የሚተክል ሰውም ገመድ ያልያዘውን መርሳት እንደሌለበት ነው።