የግራዝማች ዝግባና የአያ ደምለው በሬ

የምጽፈው አጎቴ ፈንቴ ሲያጫውቱን የሰማሁትን ነው። አጎቴ በቅሎ ጭነው ከአገር አገር የሚነግዱ ሰው ስለነበሩ ወሬው በመንገድ ላይ ጥቂት ሳይለወጥ አልቀረም፤ እኔም ካረጀሁ ወዲህ አንዳንዱ ነገር ይምታታብኛል። ዛፉ ዝግባ ነበር እላለሁ፤ ጥድ ነበር የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም። የዛፉን ባለቤት ስም ግን አውቄ ለውጬዋለሁ። የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ፍርድ ቤት መመላለስ አልችልም። ስለዚህ ግራዝማች ጥሩነህ እንበላቸው።

አያ ደምለው ግን አያ ደምለው ነው። በዚያ የጎጃም አውራጃ ቤቱ ላይ ትልቅ ዛፍ ያዘነበለበት ሰው ሁሉ የሚያስጠራው እሱን ነበር። ወገቡን በጠፍር ከግንዱ ጋር አስሮ እስከ ጫፍ ይወጣል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየቆራረጠ፣ ከሥር ያለውን ጎጆ ሳይነካ ያወርደዋል። በዚያ ዓመት ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱ በበሽታ ሞተበት። ባንድ በሬ አይታረስም፤ በሬውን አቀናጅቶ አብሮት የሚያርስ ሰውም አላገኘም። ክረምቱ ሳይገባ ሁለተኛ በሬ ካልተገኘ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው፤ ልጆቹም እንደዚያው።

ግራዝማች ጥሩነህ ደግሞ በዚያው ዓመት ለከተማው የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ቤት ሠሩ። የሠሩት አያታቸው ከተከሉት ትልቅ ዝግባ ሥር ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ዛፉ ወደ ጣራው ጎንበስ ይላል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አንጓችም እንቅልፍ አጡ። አያ ደምለው ተጠራ። ዛፉን ዞሮ ዞሮ አየና፣ «አንድ የደረሰ በሬ» አለ።

ግራዝማች ጮኹ። «በሬ? ለአንድ ዛፍ? አያቴ ሲተክሉት እኮ አንዲት ቁና ጤፍ አላወጡበትም!»

«እንግዲያው አያትዎ ይንቀሉልዎት።»

ግራዝማች ተቆጥተው አባረሩት። በማግስቱ አሽከሮቻቸውን ሰብስበው ለአንድ ጋን ጠላ ዛፉን እንዲጥሉት አዘዙ። አሽከሮቹ ገመድ አሰሩ፤ ግማሾቹ ወደ ጓሮ፣ ግማሾቹ ወደ ደጅ ሳቡ። አንዱ መጥረቢያውን ገና ማሳረፍ ሲጀምር ዛፉ ሲጥ አለ፤ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍም ቆርቆሮው ላይ ወርዶ አገሩን አናጋው። ወይዘሮ አንጓች መኝታቸውን ጠቅልለው ከቤት ወጡ። አያ ደምለው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ቆሞ እያየ ይስቅ ነበር።

«ምን ያስቅሃል?» አሉት ግራዝማች። «አንተ በበሬ የምትጥለውን እነዚህ በጠላ ይጥሉታል!»

«መጣሉንስ ይጥሉታል ጌታዬ፤ ጠላውን የትኛው ቤት ገብተው እንደሚጠጡት ነው የቸገረኝ።»

ይህን ሲሰሙ ወይዘሮ አንጓች መኝታቸውን መሬት ላይ ጣሉትና «በሬውን ይስጡት! አለዚያ ወንድሜ ቤት ሄጃለሁ» አሉ። ግራዝማችም ዛፉ ሲያልቅ አንድ በሬ ሊሰጡ በሽማግሌ ፊት ቃል ገቡ። አጎቴ እንደሚሉት ያን ቃል ሲናገሩ ጥርሱ እየተነቀለ ያለ ሰው ይመስሉ ነበር።

ሥራው ሲጀመር ግራዝማች በርጩማ አስወጥተው ከዛፉ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። የሚሰጡት በሬ ስለሆነ እያንዳንዷን ምት ማየት ፈለጉ። አያ ደምለው ቆረጥ ያደርግና ቅርንጫፉ ላይ ተቀምጦ ያርፋል፤ የነፋሱን አኳኋን ያያል፤ እንደገና ይቆርጣል። ግራዝማች አላስችል አላቸው።

«አንተ! ከላይ ተቀምጠህ አገር እያየህ ትውላለህ! ይህ ሥራ ነው? መቀመጥ ነው እኮ! ለመቀመጥ ነው በሬ የምሰጥህ?»

«ውድ ከሆነብዎ ይምጡ ጌታዬ፤ እዚህ ጎኔ በነፃ ይቀመጣሉ።»

ወደ ጓሮው በኩል ያለው ሁሉ ወርዶ፣ ወደ ቤቱ ያዘነበለው ግማሽ ብቻ ሲቀር ግራዝማች ልባቸው ሞላ። ከእንግዲህ አሽከሮቹም ይጨርሱታል ብለው አሰቡ መሰለኝ። ከጋጣ አንድ የጡት ጥጃ አስጎትተው ከዛፉ ሥር አቆሙ።

«ደምለው፣ ውረድና በሬህን ተረከብ።»

«ይህ ጥጃ ነው ጌታዬ።»

«ሲያድግ በሬ ነው።»

አያ ደምለው ወረደ፤ ጠፍሩን ፈታ፤ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ጥሩ፤ የቀረውም ዛፍ ሲደርቅ ይወድቃል።»

ግራዝማች «በሕግ አምላክ!» ብለው ያዙት። በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች ከተካሰሱ አንዱ እንዳይጠፋ የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠርና ታስረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ሌላ ባለጸጋ በምትኩ አሽከሩን ያሳስር ነበር። ግራዝማች ግን አሽከራቸው ሥራ ፈቶ እንዳይውል ራሳቸው ታሰሩ።

አጥቢያ ዳኛው ባሻ ቸኮል የግራዝማች ማኅበርተኛ ነበሩ። እንዲህ ብለው ፈረዱ፤ «ደምለው ሥራውን ሳይጨርስ ስለ በሬ አይናገር። እንዳይጠፋም፣ ሥራው እስኪያልቅ በቁራኛው ቆዩ።» ግራዝማች ደስ አላቸው። ዳኛውም ፍርዱ ሲፈጸም ለማየት አብረው ወደ ግቢው መጡ።

አያ ደምለው ጠፍሩን በግንዱ ዙሪያ አዞረና መውጣት ጀመረ። ኩታው ተወጠረ፤ ግራዝማች በእግራቸው ጣት ቆሙ።

«ወዴት ነው? ወዴት ነው የምትጎትተኝ? ፍታኝ!»

«ዳኛ ያሰረውን እኔ እንዴት እፈታለሁ? ይውጡ እንጂ፤ መቀመጥ ነው ብለውኝ የለ?»

ባሻ ቸኮል ፊታቸውን አዙረው ሳቃቸውን አስለው አሳለፉት። ወይዘሮ አንጓች ከደጅ ሆነው «ወይ ይውጡ፣ ወይ በሬውን ይስጡ!» አሉ። ግራዝማች ሽቅብ አዩ፣ ቁልቁል አዩ። በመጨረሻ ቡሬ የሚባለውን በሬያቸውን እንደሚሰጡ ማሉ፤ ሚስታቸውም ዋስ ሆኑ። ያን ጊዜ ቋጠሮው ተፈታ። ዝግባውም በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አንዲት ቆርቆሮ ሳይነካ፣ አለቀ። ቡሬን ከጋጣ አውጥተው ያስረከቡት ወይዘሮ አንጓች ራሳቸው ናቸው። ግራዝማች በዚያች ሰዓት አመመኝ ብለው ተኝተው ነበር።

አጎቴ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ እኛ የመጡት በሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው። ዝናብ መትቷቸው ገቡ፤ ልብሳቸውን ሳይለውጡ ነበር ወሬውን የጀመሩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ስላልነገዱ፣ እኔም ስለ አያ ደምለው ከዚያ ቀን በኋላ ምንም አልሰማሁም።

እንዳወሩልን ከሆነ፣ ዝናቡ ጥሏል፤ አያ ደምለውም ቡሬን ከራሱ በሬ ጋር ጠምዶ መሬቱን እስከ ግማሽ አርሷል። ችግሩ ቡሬ በግራዝማች ቤት ወይኖ ከሚባል በሬ ጋር ይጠመድ የነበረ መሆኑ ነው። ወይኖ ብቻውን ሲቀር ጋጣውን ጥሶ ወጣና ቡሬን ፍለጋ እርሻው ድረስ መጣ። ቢመልሱት ተመልሶ መጣ። ከግራዝማች ጋጣ ሲወጣ የጎን አጥንቱ ከሩቅ የሚቆጠር በሬ ነበር፤ የአያ ደምለውን ድርቆሽ ካገኘ ወዲህ ራሱን ከመብላት ቀና አላደረገም።

ግራዝማች ባሻ ቸኮልን ይዘው እርሻው ዳር ደረሱ። መንገደኛውም፣ ጎረቤቱም ተሰበሰበ።

«ሌባ ነው! በሬዬን አባብሎ አስኮብልሏል! ወይኖን ይመልስ፤ ለሌብነቱም ቅጣት ቡሬን ያስረክብ!»

 ቡሬ ከሄደ የቀረው ግማሽ መሬት በዚያ ዓመት እንደማይታረስ የማያውቅ አልነበረም። ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደምለው፣ ምን ትላለህ? ይህን በሬ ከግራዝማች ቤት ማን አስወጣው?»

አያ ደምለው እርፉን ሳይለቅ ቀና አለ።

«በሬው ራሱ ይጠየቅ፤ ለግራዝማች ክብር ሲባል ግን እዚህ ሰው መሀል አይጠይቁት።»