ለሌላ ሰው የተቀመመ መድኃኒት

አንድ ታንኳ ቀዛፊ ጉም በማይለየው ሐይቅ ዳር ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ጉሙ ጠዋት ከውሃው ይነሣና ቤቱን፣ ዛፉን፣ መንገደኛውን ሁሉ እስከ ወገቡ ይውጠዋል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የዚያ አገር ሰዎች የሚራመዱ ሳይሆን የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ቀዛፊው ቢያድግልኝ ይባላል፤ ሚስቱ አንጓች ትባላለች። ተዋደው የተጋቡ፣ በሳቃቸው የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ። ጎረቤቱ «እነዚህ ደግሞ ዛሬ ምን አገኙ?» እስኪል ድረስ ይስቁ ነበር።

የዚያ ሐይቅ ታንኳ ደንገል ከሚባል የውሃ ዳር ቄጠማ ታስሮ የሚሠራ ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ቀዛፊ ማለት ቀኑን ሙሉ እርጥብ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው፤ ማታ ታንኳውን ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው አቁሞ ያደርቀዋል፤ ራሱን የሚያደርቅ ግን የለም።

እንግዲህ ከእርጥበቱ ይሁን ከሌላ ነገር፣ ቢያድግልኝን ከእምብርቱ በታች ያመው ጀመር። ሽንቱ ያቃጥለዋል። ወጥቶ ሳይመለስ እንደገና ይመጣበታል። ብሽሽቱ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይከብደዋል። ከሁሉም የባሰው፣ ከሚስቱ ጋር መተኛት ሥቃይ ሆነበት። ጤና ጣቢያ ሄዶ «ወገቤን ነው» አለ፤ ለወገብ የሚሆን ክኒን ሰጡት። ሌላ ጊዜ ደፈር ብሎ ግማሹን ቢናገር፣ ፕሮስቴት የሚባለው የወንድ እጢ ተቆጥቶ ሊሆን እንደሚችል ነግረው ሌላ ክኒን ሰጡት፤ ሕመሙ ጥቂት ተኛና ተመልሶ ተነሣ። ከተማ ሆስፒታል ሄደህ ተመርመር ሲሉት «እሺ» ብሎ ወጣ፤ አልሄደም። እዚያ ልብስ አውልቅ ይላሉ ሲባል ሰምቷል።

ለአንጓች አልነገራትም። እንዴት ብሎ ይንገራት? ትልልቅ ማዕበል የሚያቋርጥ ወንድ «እዚህ ጋ አመመኝ» ብሎ በጣቱ ሊያሳይ? እሱ የመረጠው ሌላ ነው። ደንገል በሚከማችበት ጎጆ ውስጥ ሰሌን አነጠፈና ለብቻው መተኛት ጀመረ። በሩንም ከውስጥ ይቀረቅረዋል። «ደንገሉን ሌባ እንዳይወስድብኝ ነው» አላት። ደንገል በየዳርቻው ያለ ባለቤት በሚበቅልበት አገር የደንገል ሌባ የት ይገኛል? አንጓች ይህን ከሱ እኩል ታውቃለች። ግን ምክንያቱን አልጠየቀችውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእነዚያ ሰዎች ሳቅ አልተሰማም።

ወደ ሐይቁ ሾልካ በገባች መሬት ላይ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ሐኪም ይኖሩ ነበር። ድሮ ድልድይ የሚሠሩትን የአገራቸውን ሰዎች ሊያክሙ መጥተው፣ ድልድዩ አልቆ ሌሎቹ ሲሄዱ እሳቸው ቀሩ። ለምን እንደቀሩ የሚያውቅ የለም፤ ጉሙ ይዞ አስቀራቸው ይላል አገሬው። በቤታቸው ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ ጣራ ትናንሽ መሳቢያዎች አሉ። አንዱን ሲስቡት የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፣ ሌላው የዝናብ አፈር ይሸታል፣ ሌላው ደግሞ ሰው የረሳውን ነገር እንደማስታወስ ያለ፣ ስም የሌለው ሽታ አለው። እዚያ ቤት የገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው።

ቢያድግልኝ ተሳፋሪ ያደረሰ መስሎ አንድ ቀን እዚያ ገባ። ሽማግሌው ሦስት ጣታቸውን በእጅ አንጓው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥለው ቀኙን ያዙ። በጣም ቆዩ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ሊያስል ሲል ዓይናቸውን ገለጡና ምላሱን አዩ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። የሚያመውን ቦታ በቀስታ አማርኛቸው ሲጠሩት አላፈሩም፤ እሱ ነው አንገቱን የደፋው። ይህን እንደምንም መለሰ።

«ተኝተህ ያልብሃል?» አሉት።

«ተኝቼ እንዴት አውቃለሁ፣ ሐኪም?»

«ታቃስታለህ? ትገላበጣለህ? ጠዋት ስትነቃ ፊትህ ይገረጣል ወይስ ይቀላል?»

«እኔ ፊቴን አላየውም!»

«አዎ፣ ሰው ራሱን ተኝቶ አያይም» አሉ ሽማግሌው። «አብራህ የምታድረው ግን ታያለች። እሷ ምን ትላለች?»

ይኸውላችሁ፣ «አብረን አናድርም» ቢል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ነገር ግን ወንድ ልጅ አንዳንዴ ሐይቁን ማቋረጥ አያቅተውም፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ግን ያቅተዋል። «ሰላም ነው የምትተኛው ትለኛለች» አለ። «ላብ የለም፣ ማቃሰት የለም። ጠዋት ፊትህ ደም የመሰለ ነው ትለኛለች።»

ሐኪሙ ትንሽ አሰቡ። መሳቢያ ሳቡ፣ መሳቢያ መለሱ፤ ቅርፊቱንም፣ ሥሩንም፣ ልጣጩንም በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። «ቶሎ አድንሃለሁ አልልህም፤ የቆየ ሕመም ቆይቶ ነው የሚሄደው። በሸክላ ድስት፣ በቀስታ እሳት ይፈላ። አንተ ሥራ ላይ ነህ፤ እሳቱን ቤት ያለ ሰው ይጠብቅልህ» አሉት።

በዚያ አገር ግን መድኃኒት አይወራም። የምትጠጣውን ለሰው ከነገርክ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል፤ የሰው ጥላ ካረፈበትም እንደዚያው። ቻይናዊው ሐኪም ይህን ሕግ አያውቁትም፤ ቢያድግልኝ ደግሞ ሌላ ሕግ አያውቅም። ስለዚህ የቻይናን መድኃኒት በአገሩ ሥርዓት ያዘው። ጥቅሉን በጉያው ደብቆ ሰው ወደማይደርስባት ድንጋያማ ደሴት እየቀዘፈ፣ የራሱ ጥላ እንኳ ድስቱ ላይ እንዳያርፍ ዞር ብሎ እየተቀመጠ፣ ለብቻው አፈላ፤ ለብቻው ጠጣ። መራራ ነበር። ከድስቱ የሚወጣው ጢስ ከጉሙ ጋር ሲቀላቀል እያየ «እድናለሁ፤ ስድን ወደ ቤቴ እገባለሁ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ እንስቃለን» ይል ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ያሳዝነኛል። ሊመለስ የሚፈልገው እኮ ወደ ገዛ ቤቱ ነው!

አልዳነም። ሆዱን አገላበጠው፤ የታችኛው ሕመም ባለበት ቀረ። ተቆጥቶ ወደ ሽማግሌው ተመለሰ።

«መድኃኒትዎ አልሠራም!»

ሐኪሙ እንደገና እጁን ያዙ፤ እንደገና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ያኔም ዛሬም እጅህ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፣ አፍህ የሚለኝ ግን ሌላ ነው» አሉ። «እኔ ጥፋተኛ ነኝ፤ አፍህን አመንኩ። የቀመምኩት አንተ ለነገርከኝ ሰው ነው። ያ ሰው ሰላም ይተኛል፣ ፊቱ ቀይ ነው፣ ሚስቱም ጠዋት ጠዋት ታወራዋለች። እሱ ቢጠጣው ይሻለው ነበር። አንተን ግን ገና አላየሁህም።»

ቢያድግልኝ ሊሄድ ብድግ አለ።

«አሁን ሌላ አልቀምምልህም» አሉት ሽማግሌው። «የምታውቅህን ሰው ይዘህ ና። ሌላም ነገር ልንገርህ፤ ይህ ጣቴ የማይደርስበት ነገር አለ። ሆስፒታል ሄደህ የተባልከውን ምርመራ አድርግ። አንዱ በር ሌላውን በር አይዘጋም።»

እሱም «እሺ» ብሎ ወጣ። «እሺ» ማለት ልማዱ ነው።

በዚህ መሃል አንድ ዓሣ አጥማጅ ለአንጓች «ባልሽን ደሴት ላይ ሥር ሲቀቅል አየሁት፤ ሰው ሲያይ ይደበቃል» ብሎ ነገራት። ደንገል ጎጆ ውስጥ ለብቻ መተኛት፣ ተደብቆ ሥር መቀቀል፤ እነዚህን ሁለቱን ያገናኘች ሴት ምን ታስባለች? ሌላ ሴት አለች፤ ለእሷ መስተፋቅር እየሠራ ነው ብላ አሰበች። ማልቀስም አላለቀሰችም። አንድ ማለዳ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ዳርቻው ላይ ቆመችና «እናቴ ዘንድ አሻግረኝ» አለችው።

«መቼ ልምጣልሽ?»

«አትምጣ።»

ይህን ስትለው ጉሙ በመካከላቸው ነበር፤ ፊቷን አላየውም። ተማጽኖ ሊያስቀራት ይችል ነበር፤ ግን ለማስቀረት ምክንያቱን መናገር አለበት። ስለዚህ ያቺን በሕይወቱ የሚወዳትን ሴት፣ ከራሱ ሊያርቃት ራሱ መቅዘፍ ጀመረ።

ውሃው ረጋ ብሏል። የኋላው ዳርቻ ጠፋ፤ የፊተኛው ገና አልመጣም። መቅዘፊያው ውሃውን ሲነካ እንኳ ድምፅ ያለው አይመስልም። ሁለቱ በደመና ውስጥ ተቀምጠው ደመናው ራሱ ወዴት እንደሚወስዳቸው የሚጠብቁ መሰሉ። ለወትሮው ሕመሙ ሲነሣበት ለተሳፋሪው «ገመድ ላጥብቅ» ብሎ ታንኳውን ወደ ደንገሉ ያስጠጋና እዚያ ተሸሽጎ ይተነፍሳል። አሁን ግን ሕመሙ የመጣው መሃል ላይ ነው። ደንገል የለም፣ ዳርቻ የለም፣ የሚሸሸግበት ነገር የለም። መቅዘፊያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እጥፍ አለ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ቢያድግ! ምን ሆንክ?»

ምናልባት ጉሙ ረድቶት ይሆናል፤ ፊት ለፊት ሳይተያዩ መናገር ይቀላል። «ከወገቤ በታች ታምሜያለሁ» አለ። «ከቆየ ቆየ። ሽንቴ እሳት ነው። ካንቺ ጋር መሆንም እያመመኝ ነው። የሸሸሁሽ ጠልቼሽ አይደለም፣ አንጉዬ። የምቀቅለውም ለዚሁ ነው። ወንድ አይደለም ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

አንጓች የምታዝንለት መስሎት ነበር፤ የመጣው ግን ቁጣ ነው። 

«እግዜር ይይልህ! እኔ እኮ በየቀኑ ውሃው ላይ ፊቴን እያየሁ 'ምኔን ጠላው? አረጀሁ? ምን አጠፋሁ?' ስል ነው የከረምኩት። አንተ አንድ በሽታ ታመምክ፤ እኔ ግን የማላውቀውን ስንቱን በሽታ ታመምኩልህ!» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ደንቆሮ» አለችው፤ ድሮ ስትስቅ የምትለው ዓይነት ደንቆሮ ነበር። «በል አዙር።»

«ወደ ቤት?»

«ወደ ቻይናው።»

መቅዘፍ ሲያቅተው እሷ ተቀበለችው። ሽማግሌው ሁለቱን አብረው በበሩ ሲያዩ አንድ ተጨማሪ በርጩማ አመጡ። እጁን ያዙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥያቄያቸውን ግን አሁን ለእሷ አደረጉት።

«ልጄ፣ ተኝቶ ያልበዋል?»

«ከሰሌኑ ሲነሣ ልብሱ እርጥብ ነው። እኔ አጥባለሁና አውቃለሁ።»

«ጠዋት ፊቱ እንዴት ነው?»

«አመድ ነው።»

«ያቃስታል?»

አንጓች ባሏን አላየችውም። «ያቃስታል» አለች። «ከግድግዳው ውጭ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ሲያቃስት ስሜን ይጠራል፤ ቅዠት ነው የመሰለኝ። ልግባ ስል በሩ ተቀርቅሯል። ቀን ግን አይጠራኝም።»

ቢያድግልኝ ይህን ስለ ራሱ አያውቅም ነበር። እጁ በሽማግሌው እጅ ውስጥ እንዳለ አለቀሰ። ሐኪሙም ጣታቸውን ከአንጓው ላይ አላነሡም፤ ሲያለቅስ የልቡ ትርታ የሚለውንም ያዳምጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ መድኃኒት ተቀመመ፤ የሚፈላውም በቤት፣ በአንጓች እሳት ሆነ። ከተማ ሆስፒታልም አብረው ሄዱ፤ ልብሱንም አወለቀ፤ የፈራውን ያህል አልነበረም። ፈጽሞ ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። የሚሻለው ቀን አለ፣ የሚነሣበትም ቀን አለ። ሲነሣበት ግን አሁን ስሟን ይጠራል፤ በቀንም ቢሆን፣ ሰው ፊትም ቢሆን። ደንገል ጎጆው ውስጥ ዛሬ ያለው ደንገል ብቻ ነው።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው። ሕመማችንን ከሚወዱን ሰዎች የምንደብቀው እንዳይከብዳቸው ወይም እንዳይንቁን ብለን ነው። ነገር ግን ዝምታችን ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። የሚወዱን ሰዎች ምክንያቱን ስለማያውቁ የራሳቸውን ጥፋት፣ የራሳቸውን ጉድለት ፈልገው ይሞሉበታል። እኛ ያዳንናቸው ሲመስለን እነሱ በማያውቁት ክስ በራሳቸው ላይ ሲፈርዱ ይከርማሉ።

አንተስ፣ አንባቢዬ፣ ዝም ባልክበት ነገር ዛሬ ራሱን እየወቀሰ ያለው ማን ነው?