የአህያ ጆሮና የእመት ጉሬዛ ጠብታ

አንድ ጊዜ፣ ከወንዝ ዳር ጥሻ አጠገብ፣ በጆሮው የሚኖር አንድ አህያ ነበር። ጅብ ከጥሻው ሲነሣ የሚንኮሻኮሸውን ቅጠል ከሁሉ በፊት የሚሰማው እሱ ነበርና፣ ዕድሜውን ያረዘመለት የእግሩ ፍጥነት ሳይሆን የጆሮው ንቃት ነው። ጎረቤቱ በጊትም ይህን ታውቃለች። እሱ ጆሮውን አቁሞ ሲግጥ አንገቷን ደፍታ ትግጣለች፤ እሱ ጆሮውን ሲያዞር እሷም ቀና ትላለች። እንዲህ ሆነው ብዙ ክረምትና በጋ አብረው አሳልፈዋል።

በዚያ ዓመት በጋው ጠናና አህያ አዲስ ልማድ ያዘ። ቀትር ላይ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ራሱን እስከ ጆሮው ድረስ ይነክራል። ሲወጣ ግን ጆሮውን አራግፎ ሳያደርቅ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። ውሎ አድሮ የግራ ጆሮውን ያሳክከው ጀመር። ከግራር ግንድ ጋር ፈተገው፤ አልበቃው ሲል ከቁጥቋጦ ወደ ውጭ የወጣች ቀጭን ጭራሮ ፈልጎ ጆሮውን እየሰካባት ውስጡን ጎረጎረ። ለጊዜው እፎይ አለ።

በማግስቱ ጆሮው አበጠ። ሣር ሲያኝክ መንጋጋው ሥር ይወጋዋል፤ ነፋስ ሲነካው እንኳ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታው ነበር። በግራ በኩል ያለው ዓለም ጥጥ እንደተወተፈበት ታፈነ። አህያ ይህን ለበጊት አልነገራትም። እሷ እንደ ወትሮዋ አንገቷን ደፍታ ስትግጥ እያየ ፍርሃቱን ብቻውን ያዘው።

ጆሮው መዘንበሉን መጀመሪያ ያስተዋለው ቀበሮ ነው። ጅብ ሥጋ ባገኘ ቁጥር ፍርፋሪው የሚደርሰው ለሱ ስለነበር፣ የአህያ ጆሮ መታመም ለቀበሮ የምሥራች ነበር። ቀርቦ አዘነለትና ቅቤ አንጥሮ ትኩሱን ቢያንቆረቁርበት ወዲያው እንደሚሻለው መከረው። አህያ ጨንቆት ስለነበር ምክሩን ሊቀበል ምንም አልቀረውም። ሆኖም ቀበሮ ሲናገር ዓይኑ በጊትን እንጂ የታመመውን ጆሮ እንደማያይ ታዘበ። አመስግኖት ሄደና ጥሻውን አቋርጦ ወደ እመት ጉሬዛ ገሠገሠ።

እመት ጉሬዛ ነጭ ካባዋን ደርባ በአሮጌ ዝግባ ላይ የምትኖር፣ የጥሻው አራዊት ሁሉ ሐኪም ነበረች። ወርዳ ጆሮውን ወደ ፀሐይ አዙሮ እንዲቆም አደረገችው። መድኃኒት ለመስጠት አልቸኮለችም። ጆሮው መግል ወይም ደም አፍስሶ እንደሆነ፣ ተመትቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ራሱን ያዞረው እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ጆሮውን በቀስታ ሳብ አድርጋ ውስጡን ረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«የቆሰለው መግቢያው ነው፤» አለችው በመጨረሻ። «ከውስጥ ያለው የጆሮህ ታምቡር ደኅና ነው። ታምቡሩ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ይህን መድኃኒት አልሰጥህም ነበር።»

ከዛፉ ሽንቁር ትንሽ ብልቃጥ አወጣችና በመዳፏ ጨብጣ ቆየች። አህያ ለምን እንደዘገየች ቢጠይቃት፣ ቀዝቃዛ ጠብታ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ራስ እንደሚያዞር ነገረችው። ብልቃጡ ለብ ሲልላት የታመመውን ጆሮ ወደ ላይ አድርጎ በጎኑ እንዲተኛ አዘዘችው። ከዚያ የብልቃጡን አፍ ጆሮውን ሳታስነካ ጥቂት ጠብታ ጣል ጣል አደረገችበትና መድኃኒቱ ወደ ውስጥ እስኪወርድ ተኝቶ እንዲቆይ ነገረችው።

ከሕመሙ ይልቅ ይህ መተኛት ለአህያ ከበደው። በጎኑ የተኛ አህያ ለጅብ የቀረበ ማዕድ ነውና ዓይኑን ከጥሻው ሳይነቅል ጠበቀ። ጉሬዛ አጠገቡ ተቀምጣ የቀረውን አስረዳችው። መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ይጨመርለታል፤ ቢሻለውም እሷ እስከወሰነችው ቀን ድረስ አይቋረጥም። እስከዚያ ራሱን ውኃ ውስጥ አይነክርም፤ ጭራሮም ጆሮው አጠገብ አይደርስም።

«ራስህ ልትጨምረው አትችልም፤» አለችው። «ከጎንህ ማን አለህ?»

አህያ «በጊት አለች» አለ። እንግዲህ እውነቱን ሊነግራት ግድ ሆነ።

ነገራት። በጊት ሰምታ ስትጨርስ ሣሩን ትታ ቀና አለች።

«ስለዚህ እኔ አንገቴን ደፍቼ ስግጥ፣ አንተ በግራ በኩል ምንም አትሰማም ነበር?»

«አልሰማም ነበር» አላት ራሱን አቀርቅሮ።

በጊት ብልቃጡን ተቀብላ ጸጉሯ ውስጥ ሸጎጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ብልቃጡን በጸጉሯ ሙቀት ለብ ታደርግና በከንፈሯ ይዛ ታንጠባጥብለታለች። ብዙም ሳይቆይ እብጠቱ ጎደለ፤ የወንዙ ድምፅ ተመለሰለት።

ቀበሮ ይህን ሲያይ ከፋው። በጊት ራቅ ብላ በምትግጥበት ሰዓት መጥቶ አህያን እንኳን ማረህ አለው። ከዚያ አንድ ምስኪን ዘመዱ በጆሮ ሕመም እየተሠቃየ እንደሆነ አጫወተው።

«አንተ እንደሆነ ድነሃል፣ አያ አህዮ። በዳነ ጆሮ ላይ መድኃኒት መጨመር ማባከን አይደለም ወይ?»

አህያ ርኅሩኅ ነበር። ደግሞም እውነቱን ለመናገር በጎኑ መተኛት ሰልችቶታል። ዘመዱ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ፣ በጊት ለግጦሽ ስትሄድ ቋጥኝ ሥር ያስቀመጠችውን ብልቃጥ አሳይቶ እንዲወስደው ፈቀደለት። እሷ ስትመለስ የጉሬዛን ትእዛዝ አስታወሰችው። እሱ ግን መዳኑን ደጋግሞ ነገራት።

ቀበሮ ብልቃጡን በምንጭ ውኃ ውስጥ ደብቆ ጠበቀ። ጥቂት ቀናት አለፉ። ማሳከኩ ተመለሰ፤ ወዲያው እብጠቱ ተከተለ፤ ያ የታፈነ ዝምታም እንደገና መጣ። አህያ ይህንንም ለበጊት መናገር አፈረና ነገ ይተወኛል እያለ ሰነበተ። የአህያ ጆሮ እንደገና ሲዘነብል ባየ ቀን፣ ቀበሮ ብልቃጡን ይዞ ወደ አያ ጅቦ ሄደ። አያ ጅቦ ጆሮውን በድንጋይ ከተፈነከተ ወዲህ መግል ሲያፈስበት የኖረ ነው። ቀበሮ መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ አድርጎ እንዲታከም፣ ከዚያ በአህያ ግራ በኩል መጥቶ በጊትን እንዲወስድ መከረው።

«ጠብታ?» አለ አያ ጅቦ። «በጠብታ የሚጠግብ ማን ነው?»

የብልቃጡን አፍ ጆሮው ውስጥ ሰክቶ፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘውን መድኃኒት አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ገለበጠው። ጆሮው እንደ እሳት ለበለበው። ቢሆንም የበጊት ላት በዓይኑ ላይ ስለነበረ ተነሥቶ ሮጠ።

አህያ የአያ ጅቦን ኮቴ አልሰማም። የሰማው የበጊትን ጩኸት ነው። ዘወር ሲል አያ ጅቦ የኋላ እግሯን ቧጭሮ፣ ሊይዛት ሲዘል አየሩን ነክሶ ተዘረረ። ሊነሣ ሞከረና በሌላው ጎኑ ወደቀ። ዓይኑ ይዋዥቃል፤ ያስመልሰዋል። ቀበሮ ይህን እንዳየ ሳይሰናበት ጠፋ።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ላይ ሆና አያ ጅቦን ምን እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ምድር እየዞረችበት የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ያንተ ታምቡር ድሮ የተቀደደ ይመስለኛል፤» አለችው። «ይህ መድኃኒት ላንተ የተሰጠ አልነበረም። ጆሮህን ደረቅ አድርገህ ጠብቅ፤ ምንም ነገር አትጨምርበት። ማዞሩ ሲተውህ ና፣ አየዋለሁ። ስትመጣ ግን ጠግበህ ና።»

አያ ጅቦ እየተንገዳገደ ሄደ። አህያ ብልቃጡን ለማያውቀው በሽተኛ አሳልፎ የሰጠ እሱ መሆኑን ለጉሬዛ ነገራት። ሲናገር በጊትን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«ሕመም ቀድሞ ይሄዳል፤» አለችው ጉሬዛ፣ «በሽታው ግን ወደ ኋላ ይቀራል። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻ አድርግ ያልኩህ ለዚህ ነበር።»

ጆሮውን እንደ መጀመሪያው ቀን አድርጋ መረመረችና ሌላ ብልቃጥ ሰጠችው። አህያ ብልቃጡን ማን ይይዝልኛል ብሎ መጠየቅ አፈረ። በጊት የቆሰለ እግሯን እየጎተተች መጣች፤ ተቀብላ ጸጉሯ ውስጥ ሸጎጠችው።

«ተኛ» አለችው።

በጎኑ ተኛ። ጠብታው ለብ ብሎ ወደ ውስጥ ሲወርድ ተሰማው። በጊትም ሣር አልነካችም፤ በግራው በኩል ቆማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እሱ እስኪነሣ ድረስ ጥሻውን ስትመለከት ቆየች።

ከዚህ የምንማረው የጆሮ ጠብታ የሚፈውሰው ጆሮው ታይቶ ለታዘዘለት በሽተኛ፣ በታዘዘው ልክና እስከ መጨረሻው ሲደረግ እንጂ፣ ሕመም ሲታገሥ ተቋርጦ ለሌላ ሲታደል እንዳልሆነ ነው።