ለአለቃ መነሳት

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ስንሻው፣ ሠራተኛው ለሥልጠና ሲሰበሰብ የሚባክነው ጊዜ ያንገበግባቸው ነበር። ስለዚህ ትምህርቱን በራሳቸው ድምፅ ቀድተው ለያንዳንዱ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ የምትገባ ማጫወቻ ከነጆሮ ማዳመጫዋ አደሉ። እየሰፉ ማዳመጥ ግዴታ ሆነ። የመጀመሪያው ትምህርት «አለቃ ሲገባ ብድግ በሉ» የሚል ነበር።

አንድ ቀን አቶ ስንሻው ወደ ስፌት ክፍሉ ሲገቡ ሁሉም ተነሳ። ማዳመጫዋን ሰክታ አንገቷን ደፍታ የምትሰፋ አንዲት ሴት ብቻ እንደተቀመጠች ቀረች። ሄደው ማዳመጫውን ከጆሮዋ መነጨቁትና፣

«አንቺ ባለጌ! ስገባ የማትነሺው ምን ቆርጦሽ ነው? መልስ ከሌለሽ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሻል!» አሉ።

ሴትዮዋ ብድግ አለች።

«ጌታዬ፣ ጠዋት ጆሮዬ ሲገቡ ተነስቼ ተቀብዬዎታለሁ። እስካሁን እዚያው ነበሩ። ይኸው አሁን ሲወጡ ደግሞ ልሸኝዎት ተነሳሁ።»