አጥሯን ያፈረሰችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲገባ ወንዙ በሚሞላበት፣ ለምለሙ ግጦሽ ደግሞ ከወንዙ ማዶ በሆነበት አገር፣ እንስሳት ተሰባስበው ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ደንቡ አንድ ነበር፤ እያንዳንዱ አስተማሪ ክፍሉን በእሾህ አጥሮ ብቻውን ያስተምራል። የሌላውን ክፍል ማጮለቅ ነውር ነው። ስንት ጉድ በእንዲህ ያለው ጨዋነት ተሸፍኖ ይኖራል!

እመት አህያ የምታስተምረው ወንዝ መሻገርን ነበር። ተማሪዎቿ ትምህርቱን በቃላቸው ያንበለብሉታል። ውሃው ዳር ሲደርሱ ግን ግልገሉም ጥጃውም ይርዳል፤ ደፍሮ የገባውም ተንከባሎ ይወጣል። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

አንድ ቀን ጌታው አንበሳ አያ ጅቦን አስከትሎ መጣ።

«ክረምቱ ሲገባ እመለሳለሁ» አለ እያዛጋ። «ያን ቀን ልጆቹ ወንዙን ካልተሻገሩ፣ ትምህርት ቤቱን ለአያ ጅቦ እሰጠዋለሁ። አዳሪ ላድርጋቸው ብሏል።»

«መኝታቸው በእኔ!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ። «ሰባ ሰባ ያሉትን ደግሞ ከጎኔ ነው የማስተኛቸው።»

አህያ ግን ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ገብቷታል። በማግስቱ ጠዋት አጥሯን በእርግጫ በታትና፣ መሸሸግ የምታስተምረዋን ቀበሮንና ቅጠል መለየት የምታስተምረዋን ኤሊን ጠራቻቸው።

«ኑ፣ ሳስተምር እዩኝ። ልጆቹ እየሰመጡብኝ ነው።»

«አበስኩ ገበርኩ!» አለች ቀበሮ። «ምን ነካሽ፣ ሴትዮ? አንዱን ጎበዝ ለጌታው አሳይቶ መገላገል ነው እንጂ! እኔ እስከ ዛሬ በምን የኖርኩ መሰለሽ?»

«የቀሩትስ ልጆች?»

ቀበሮ ከኤሊ ጋር ወደ ወንዙ ተከተለቻት።

አህያ ወንዙ ውስጥ ገብታ እየተራመደች ማስረዳት ጀመረች። ኤሊ ከዳር ሆና አንገቷን አወጣች።

«እመት አህያ፣ አትቀየሚኝ። እኔም እንደ ልጆቹ አጭር ነኝ፤ ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ ጭራሽ ብቻ ነው። ሰኮናሽ የት እንደሚያርፍ ማን ያያል?»

የአህያ ጆሮዎች ወደቁ። ኤሊን በእርግጫ ልትላት ዳድቷት ነበር፤ ግን ዋጥ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ልጆቹ አዞረች። ሰኮናዋን ከፍ እያደረገች፣ ድንጋዩን እየዳሰሰች፣ የኋሊት ተራመደች። ልጆቹ እያዩ ተከተሏት። ወንዙ መሃል ሲደርሱ ግን ውሃው ጠለፋቸው።

በማግስቱ እንደገና ተሰበሰቡ። አሁን ነገሩ የገባት ቀበሮ ነበረች።

«ለየብቻ ስለሚገቡ ነው። ጥጃው ውሃው በሚመጣበት በኩል ይቁም፤ ግልገሉ ይደገፈው።»

ሞከሩት። ሆነ! አህያ ደስታዋን አናፍታ ሳትጨርስ፣ ቀበሮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንግዲህ ነገ ደግሞ የኔን ክፍል እዩልኝ» አለች። ይህን ለማለት ቀበሮን ምን ያህል እንደከበዳት የሚያውቅ ያውቀዋል።

ክረምቱ ሲገባ አንበሳ መጣ። አያ ጅቦም ጆንያውን ይዞ መጣ። ልጆቹ ተደጋግፈው፣ ድንጋዩን እየዳሰሱ፣ የሞላውን ወንዝ ተሻገሩ።

«እንዲህ አድርጉ ብሎ ማን አዘዛችሁ?» አለ አንበሳ።

«ማንም አላዘዘን፣ ጌታው» አለች አህያ። «አጥራችንን አፍርሰን ተያየን፤ ያየነውን ተነጋገርን።»

«እንግዲያው ትምህርት ቤቱን ያዙት።»

አያ ጅቦ ምሳው ማዶ ሲሄድበት አላስቻለውም። ጆንያውን እንዳቀፈ ዘሎ ገባ።

«ጆንያውን ልቀቀው!» ብሎ ጮኸ ጥጃው ከማዶ።

«እህ! ታዲያ በምን ልሸከማችሁ?» አለ አያ ጅቦ፤ ይህን ብሎ ሳይጨርስ ውሃው ጠቅልሎ ወሰደው። ታች መታጠፊያው ላይ ሲተፋው፣ እየተንዘፈዘፈ ተመልሶ መጣ።

«እመት አህያ፣ እኔንስ አታስተምሪኝም?»

«እንዴታ! ነገ ጠዋት ግባ» አለች አህያ። «ግን ጠግበህ ና።»

ከዚህ የምንማረው፣ አልሆን ያላትን ትምህርት በባልደረቦቿ ፊት ደፍራ የምታስተምር አስተማሪ፣ ከራሷ ክፍል አልፋ ትምህርት ቤቱን በሙሉ እንደምታሻግር ነው።