አፈሬን እንዳትነካ

አንድ ቀን፣ ደጀን ከተማ ውስጥ፣ አንዳርጌ የሚባል ልብስ ሰፊ ከሚስቱ ከብርቄ ጋር ቤት ተከራየ። ቤቱ ጠባብ፣ ግቢው ግን ሰፊ ነበር። አከራዩ አቶ ወንድይፍራው ስስታቸው ለጉድ ነው። ዝናብ ሲጥል እንኳ ጎረቤት ግቢ የሚገባው ጠብታ የሚቆጫቸው ሰው ናቸው።

የካቲት አልቆ የበልግ ዝናብ ማስገምገም ሲጀምር፣ አንዳርጌ ቲማቲምና ቆስጣ ሊተክል ዶማውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። ዶማውን ከፍ ከማድረጉ አቶ ወንድይፍራው በመስኮት ብቅ አሉ።

«አንተ! ምን ልትሠራ ነው?»

«ጥቂት አትክልት ልትከል ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ያከራየሁህ ቤት ነው፤ መሬት አላከራየሁህም! አፈሬን እንዳትነካ!»

«ታዲያ ምን ላይ ልትከል?»

«ከፈለግህ አናትህ ላይ ትከል!» ብለው መስኮቱን ድርግም አደረጉት።

አንዳርጌ ሁለት ቀን ሲያስብ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን ከገጠር አንድ ጋሪ ሙሉ ጭድ አስመጣ።

«ጋሼ፣ ጭድ ባስቀምጥ ቅር ይልዎታል?»

«አስቀምጥ! ጭድ እንደሆን አፈር አይበላም» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

አንዳርጌም ጭዱን በእንጨት ሳጥን ውስጥ እየጠቀጠቀ፣ በገመድ ጥፍር አድርጎ እያሰረ፣ ስምንት እስር ጭድ በአጥሩ ጥግ ደረደረ። ከዚያ በየቀኑ የዶሮ ኩስ የተበጠበጠበት ውኃ ያጠጣው ጀመር። ብርቄ አላስችል አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ላም ሳይኖርህ ለጭድ ውኃ የምታጠጣው ጤና ነህ?»

«ዝም በይ፣ ብርቄ። ይሄ ጭድ ራሱ ይታለባል!»

በሳምንቱ ጭዱ ከውስጥ መብላላት ጀመረና ጋለ። ጠዋት በብርዱ እንፋሎቱ ቡልቅ ቡልቅ ሲል አቶ ወንድይፍራው አዩትና «እሳት! ኧረ የሰው ያለህ! ቤቴ ተቃጠለ!» እያሉ በቁምጣ ወጡ። ቆልፈው የሚያኖሩትን ቧንቧ በገዛ እጃቸው ከፍተው፣ በባልዲ እየቀዱ ስምንቱንም እስር አረሰረሱት። አንዳርጌ ከኋላቸው እየተከተለ፣ «እዚህም ጋ፣ ጋሼ! ያችን ጥግ አልነኳትም!» ይላል። ብርቄ ሳቋን መቆጣጠር ቢያቅታት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወተፈች።

ጭዱ ሲበርድ አንዳርጌ ቀዳዳ እያበጀ የቲማቲምና የቆስጣ ችግኝ ሰካበት። ግንቦት ሲገባማ ተዉት! የቆስጣው ቅጠል እንደ ዝሆን ጆሮ ተንዠረገገ፤ ቲማቲሙ በየገመዱ ላይ ቀላ። የሰፈሩ ሰው በአጥሩ ቀዳዳ እየተሻማ ያየው ጀመር። አቶ ወንድይፍራው ዘንቢል ይዘው ከተፍ አሉ።

«በል እንግዲህ፣ በግቢዬ የበቀለ የኔ ነው። ወይ አትክልቱን ታስረክበኛለህ፣ ወይ ነገ ቤቴን ለቀህ ትወጣለህ!»

ብርቄ ደነገጠች። በዝናብ መግቢያ ቤት ከየት ይገኛል? አንዳርጌ ግን፣ «ዳኛ ይየንና ዳኛ ያለውን እንቀበላለን» አለ። እሳቸውም ማሸነፋቸውን ስላልተጠራጠሩ እሺ አሉ።

የቀበሌው ዳኛ በማግስቱ ግቢው ድረስ መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ተከትሏቸው ገባ። ዳኛው በከዘራቸው ጭዱን ወጋ ወጋ አደረጉ፤ ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩ፤ አንድ ቲማቲም ቀጥፈውም ቀመሱ። ሁለተኛ ሲቀጥፉ ግን አቶ ወንድይፍራው አላስጨረሷቸውም።

«ክቡር ዳኛ፣ ይፍረዱኝ! ይሄ ሰው ያታልለናል! ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ያለ አፈር ያፈራ ማን አለ? ይንገረኛ! ማን አለ?»

ዳኛው ወደ አንዳርጌ ዞሩ። «እስቲ መልስላቸው። ያለ አፈር ማፍራት ይቻላል?»

አንዳርጌ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔስ ይኸው ያለ አፈር አፍርቻለሁ። የገረሙኝስ ጋሼ ናቸው፤ ይህን ሁሉ አፈር ይዘው ማፈር አቃታቸው!»

ዳኛው ለመፍረድ ሦስት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳቅ ስለቀደማቸው፣ «አትክልቱ የአንዳርጌ ነው፤ ከቤቱም አይወጣም» የሚለው ፍርድ የተነበበው በማግስቱ ነው።