የአንድ ማሲንቆ ሦስት ባለድርሻዎች

በአንድ ወቅት በአንዲት የወረዳ ከተማ አንድ የትምህርት ቦታ ለውድድር ቀረበ። ቦታው የአራት ዓመት ነው። አልጋ አለው፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ አለው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የደርሶ መልስ መጓጓዣ አለው። ቦታውን የሰጠው የኪነ ጥበብ ተቋም መሣሪያ መጫወትንም፣ መሣሪያ መሥራትንም፣ ከበሮና ውዝዋዜንም ያስተምራል። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ በኋላ ስትከራከሩ «ቦታው ለእንትና አይሆንም» የሚል እንዳይነሳ ነው። ለሦስቱም ይሆናል። ብዛቱ ግን አንድ ነው።

ደንቡ አጭር ነበር። ስድስት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይወዳደራሉ። በባህል መሣሪያ አንደኛ የወጣው የሙዚቃ ክበብ ከአባላቱ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መርጦ ስሙን ቅጹ ላይ ይሞላል። ቅጹ እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ ቦታው ሁለተኛ ለወጣው ትምህርት ቤት ያልፋል። በከበሮና ውዝዋዜ አንደኛ ለሚወጣው ቡድን ደግሞ ሌላ ሽልማት ነበር፤ ስድስት ልጆች ወደ ክልሉ ከተማ ለፌስቲቫል ይሄዳሉ።

ውድድሩን ያስተናገደው የከተማዋ ትምህርት ቤት ነው። የሙዚቃ ክበቡ ሃያ አንድ አባላት ነበሩት። መሪያቸው መምህር ልሳነወርቅ ይባላል። ሁለቱንም ሽልማት ተስፋ ያደርጉ ነበር፤ አንደኛውን ስማቸው በሚባል ልጅ ማሲንቆ፣ ሁለተኛውን ዘመናይ በምትመራው፣ እሷን ጨምሮ የስድስት ሴቶች ቡድን ከበሮ።

ጥፋቱ የደረሰው ከውድድሩ በፊት በነበረው ዓርብ፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የግንቦት ዝናብ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ጣሪያ አልፎ ማሲንቆውን አርሶት ቆዳው ላልቶ ነበር። ማሲንቆ የያዘ ሁሉ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከእሳቱ ፍም አንድ ክንድ አርቆ ያቆመዋል፣ እስከ መቶ ቆጥሮ ያነሳዋል። ስማቸውም የዘበኛው የከሰል ምድጃ አጠገብ አቆመው። መቁጠር እንደጀመረ ግን ከእንግዶቹ ትምህርት ቤቶች የአንዱ አውቶብስ ገባና ከጣሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ ትራምፔት ማውረድ ጀመሩ። ስማቸው ትራምፔት በቅርብ አይቶ አያውቅም፤ ሊያይ ሄደ። ራሱ አሥር ደቂቃ ቆየሁ ይላል፣ ዘበኛው ሃያ ነው ይላል፤ እኔ አሥራ አምስት ብዬ ይዤዋለሁ። ሲመለስ ቆዳው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተሰንጥቋል፤ የማሲንቆው ክርም የደጋኑ ክርም ተለብልቧል። ሁለቱም ክሮች የፈረስ ጭራ ናቸው፤ እሳት አይችሉም።

ማሲንቆ የሚሸጥበት ቅርቡ ከተማ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ውድድሩ በማግሥቱ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነው። መምህር ልሳነወርቅ ጠዋት ሄዶ ማሲንቆ ተጫዋቹን ስማቸውን ከፕሮግራሙ እንደሚያሰርዝ ለልጆቹ ነግሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

ምንይችል የሚባል ልጅ ነበር። በክበቡ ውስጥ ሦስት ዓመት ቆይቷል፤ ሥራው ዕቃ መሸከም ነው፤ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አባቱ አታላይ የሚባሉ ባለጋሪ ናቸው፤ ዳማ ፈረስ አላቸው። ልጁ በሩጫ ሄዶ የፈረሱን ጭራ ለመናቸው። «ጭራ የሌለው ፈረስ በዝንብ ወቅት ጋሪ አይጎትትም። ዞር በልልኝ» አሉትና ወደ እድር ስብሰባቸው ሄዱ። እርሳቸው ከዓይኑ እንደጠፉ ምንይችል መቀስ አምጥቶ ጭራውን ከሥሩ ቆረጠው። ከዚያ ተቀምጦ አንድ በአንድ መረጠ፤ አጭሩን ጣለ፣ ቋጠሮ ያለበትን ጣለ። ለማሲንቆው ስልሳ፣ ለደጋኑ መቶ አሥር ፀጉር ለይቶ በሳሙና አጠበና ይዞ መጣ። እሑድ ዕለት ፈረሱ ዝንቡን መከላከል ሲያቅተው የጋሪውን ዘንግ በርግጫ ሰበረ። ጭራው እንደ ድሮው እስኪሆን ሁለት ዓመት ይፈጃል።

ዘመናይ ያደረገችው እዚያ በቀሩት የክበቡ ልጆች ሁሉ ፊት ነው። ቡድኗ ሁለት ከበሮ ነበረው። ትልቁ የበሬ ቆዳ ስለሆነ ለማሲንቆ አይሆንም፤ ትንሿ ግን የፍየል ቆዳ ናት። ያለ ትንሿ ከበሮ ደግሞ ጭፈራቸው አይሄድም፤ እግራቸውን የምትመራው እሷ ናት። አምስቱ ጓደኞቿ ለነገ የሚለብሱትን ሊያጥቡ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ዘመናይ ቢላ ወስዳ የከበሮዋን ጠፍር በጠሰች፣ ቆዳውን ገፈፈች፣ ባልዲ ውስጥ ነከረችው። ዘጠኝ ሳምንት ተለማምደው ነበር። ቅዳሜ የቡድናቸው ስም ሲጠራ የወጣ የለም። በዚያ ዘርፍ ያሸነፈው ቡድን ሰባ ስምንት ነጥብ አገኘ፤ እነዘመናይ ባለፈው ዓመት ያገኙት ሰማንያ አራት ነበር።

የቀረው የስማቸው ሥራ ነው። ቆዳውን ከማሲንቆው እንጨት ላይ ወጠረ፣ ሠላሳ ሁለት ቦታ በስቶ በጠፍር ሰፋው። ሁለተኛ እሳት አጠገብ ሊያቆመው አልደፈረም። ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር አብሮ እየዞረ አደረቀው፤ ምሳም አልበላ። መምህሩም ጠዋት መጥቶ ይህን ሲያይ ማሰረዙን ተወው። የከበሮ ቆዳ ከማሲንቆ ቆዳ ይወፍራል፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ሆነ። ከአምስት ወር በፊት ጀምሮ የተዘጋጀበት ዘፈን በዚያ ድምፅ አይሆንም። አንድ ሰዓት ብቻ ነበረው። ቅኝቱን አወረደ፣ ራሱም ባልለመደው ወፍራም ድምፅ ሊዘፍነው ተለማመደ። መድረክ ላይ ሰባት ደቂቃ ቆየ። በሦስተኛው ደቂቃ ከስልሳው ፀጉር አሥራ አራቱ ተበጠሱ፤ ጣቱን ከክሩ ጫፍ ላይ አጥብቆ ይዞ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ሲወርድ ጣቱ ይደማ ነበር። ዳኞቹ ዘጠና አንድ ሰጡት። ሁለተኛው ዘጠና ነው።

እንግዲህ በአንድ ነጥብ አሸነፉ፤ ጠቡም ከዚያ ጀመረ።

ሰኞ ከሰዓት ክበቡ ተሰበሰበ። መምህር ልሳነወርቅ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ቦታውን የጠየቁት ሦስቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ምንይችል፣ ዘመናይና ስማቸው፣ የሚሉትን እንዲሉ ፈቀደ።

መጀመሪያ ምንይችል ተነሳ። «ቲቸር፣ ሦስት ዓመት ዕቃ ስሸከም አንድም ነገር አልጠየቅሁም። አሁን እጠይቃለሁ። አባቴ ‹ስምህ ከተጻፈ ምሬሃለሁ› ብለዋል። ካልተጻፈ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ማግሥት ጀምሮ እኔ ነኝ ጋሪው ላይ የምወጣው፤ ዘንጉንም ጭራውንም ሠርቼ ልከፍል።»

ከኋላ አንዱ፣ እንግዲያው ፈረሱ በክበቡ አባልነት ይመዝገብና ድምፅ ይስጥ አለ። ክፍሉ ሳቀ። ምንይችል አልሳቀም።

ዘመናይ ስትነሳ ከአምስቱ ጓደኞቿ አንዷ፣ ጥሩዓለም፣ ቀደመቻት። «የከበሮውን ቆዳ ስትገፍፊው እኛን ጠየቅሽን?»

«አልጠየቅኋችሁም» አለች ዘመናይ። «ብጠይቃችሁ እምቢ ትሉ ነበር። እምቢ ብትሉ ደግሞ ዛሬ እዚህ የምንጣላበት ነገር አይኖርም ነበር።» ከዚያ ወደ ስማቸው ዞረች። «አንተ ያቃጠልከውን ነው እኔ ያለበስኩት። በእጄ የነበረውን ሰጥቼ ባዶ ቀረሁ። ያቃጠለ ይሸለማል እንዴ?»

ስማቸው የታሰረ ጣቱን በሌላው እጁ ይዞ ተነሳ። «ማቃጠሉን እኔው ነኝ ያቃጠልኩት፤ አልካድኩም። ግን ቆዳውንና ጭራውን መድረክ ላይ አስቀምጡትና እስኪዘፍንላችሁ ጠብቁት።» ጨምሮም፣ ማሲንቆው የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ትምህርቱን ሲጨርስ አስረክቦት እንደሚወጣ፣ ከዚያ በኋላ የሚነካው ማሲንቆ እንደሌለው ተናገረ።

መምህሩ ድምፅ አሰጠ። ሃያ አንድ ወረቀት ተጠቀለለ፣ ተፈታ። ለምንይችል ሰባት፣ ለዘመናይ ሰባት፣ ለስማቸው ሰባት። ወረቀቱ በእጅ ጽሑፍ ስለሚለይ መምህሩ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ከዘመናይ አምስት ጓደኞች አንዷም ለእሷ አልሰጠችም። ይህንን ጮክ ብሎ አልተናገረም። እንደገና አስቆጠረ። ያው ነው። አንዱ ይልቀቅ ብሎ ጠየቀ። የለቀቀ የለም። ዕጣ እናውጣ ሲል ሦስቱም በአንድ ቃል እምቢ አሉ፤ በእጃችን የሠራነውን ለዕድል አንሰጥም አሉት።

በክበቡ ደንብ ድምፅ እኩል ሲሆን የሚወስነው መምህሩ ነው። ሰዓቱን አየ፤ አሥር ሰዓት ተኩል አልፏል። ቅጹ የሚገባበት ቢሮ ድረስ በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

እኔ ሒሳቡን ልዝጋላችሁ። የጠፋው አንድ የፈረስ ጭራ፣ አንድ የጋሪ ዘንግ፣ አንድ ከበሮ፣ የስድስት ልጆች ጉዞ፣ የዘጠኝ ሳምንት ልምምድና የአምስት ጓደኞች ወዳጅነት ነው። የመጀመሪያው ቆዳና የመጀመሪያው ክርም ከጠፋው ይቆጠራሉ፤ እነሱ የአሥራ አምስት ደቂቃ ዋጋ ናቸው። የተገኘው በአንድ ነጥብ የመጣ አንድ ቦታ ነው። ከሦስቱ የአንዱ ሥራ ቢጎድል ቦታው አይኖርም ነበር። ከሦስቱ አንዳቸውም ደግሞ ንጹሕ እጅ የላቸውም፤ አንዱ የአባቱን ያለ ፈቃድ ቆረጠ፣ አንዷ የስድስት ሰው ንብረት ብቻዋን ገፈፈች፣ አንዱ እንዲጠብቅ የተሰጠውን አቃጠለ። ኪሳራው ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል፤ ትርፉ ግን አይከፋፈልም።

እስክሪብቶው በእናንተ እጅ ቢሆን የማንን ስም ትጽፋላችሁ?